ራስጌና ግርጌ

ኩሮሳዋ መንደር፣ አኪታ
ዲሴምበር 6 ቀን 1978

ወንድሜ ሬይጂ፣

በረዶው ከመስኮታችን ደፍ ላይ ደርሷል። እናንተ ኮቤዎች ገና በሸሚዝ የምትወጡ ይመስለኛል። እንዴት ነህ? ያ ሳልህስ ተወህ? ለሁለት ደብዳቤህ አንድ መልስ መጻፌን ይቅር በለኝ፤ ሰነፍኩ እንጂ አልረሳሁህም። ስልክ እንዳልደውል ደግሞ ስልኩ ያለው ዮሺኖ ሱቅ ውስጥ ነው። እዚያ ቆሞ የሚያወራ ሰው ለመንደሩ በሙሉ እንደሚያወራ ታውቃለህ።

ፍራሹ በሰላም ገብቷል። ከባቡር ጣቢያ በበረዶ ላይ እየጎተትኩ ሳመጣው ሰው ሁሉ አንገቱን እያሰገገ ያይ ነበር። "ወንድሜ የሠራው የአየር ፍራሽ ነው፤ ከሥራቸው እየተነፋና እየጎደለ አማቴ እንዳይቆስሉ የሚጠብቅ" ብዬ ብናገር፣ ዮሺኖ ምን አለች መሰለህ? "ለካ ምራታችን እጅ የላትም፤ ሞተር አስፈለጋት!" አለች፣ ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት። የባሌ ታላቅ እህት ናትና ምን እላታለሁ? ከሰዎቹ ጋር አብሬ ሳቅኩ።

ለጠየቅኸኝ፦ የፓምፑ ድምፅ አያስቸግርም፣ ድመት አጠገብህ የተኛች ነው የሚመስለው። የሽቦ ማራዘሚያም አልተጠቀምኩም፤ የዚህ ቤት ሽቦ በዕድሜ አማቴን ሳይበልጥ አይቀርም፣ እሳት እንደፈራህ እኔም እፈራለሁ። ምድጃ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ጠባብ ነው። ሶኬቱ በደቡብ ግድግዳ ብቻ ነው፣ የላክኸው ቱቦም አጭር ነው፤ ቢሆንም እንደምንም አመቻችቼ ገጥሜዋለሁ፣ አታስብ።

እናታችን (አማቴን እዚህ ቤት እንዲህ ነው የምንላቸው) አንዱ ጎናቸው ሽባ ሆኖ ከደረቀ ወዲህ የሚናገሩት ጥቂት ነው። ስለ ፍራሹ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ጀልባ ላይ አስተኛሽኝ" አሉኝ። እየቀለዱ መሰለኝ።

ባሌ ማሱዎ ቶኪዮ ለባቡር ዋሻ እየቆፈረ ነው፤ እስከ ጸደይ አይመጣም። ብቻዬን ነኝ፣ ግን ደህና ነኝ።

እህትህ ፉሚዬ

———

ኮቤ
ዲሴምበር 15 ቀን

እትዬ፣

ሳሉ ለቅቆኛል። አንቺ ግን ስለ ሳሌ ጠይቀሽ፣ ስለ አማትሽ ስለ እማማ ቶኩ ተረከዝ አንድ መስመር አልጻፍሽም። መጀመሪያ የጠየቅኩሽ እሱን ነበር።

ነገሩን በደንብ ሳላስረዳሽ ቀርቼ ከሆነ አሁን ላስረዳሽ። ሰው አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ሲተኛ አጥንቱና ፍራሹ ሥጋውን መሃል አስገብተው ይጨፈልቁታል። ደም አያልፍም፣ ሥጋው ይሞታል። መጀመሪያ ቀላ ይላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። በጣም የሚጎዱት ዳሌና ተረከዝ ናቸው። ስለዚህ ፍራሹን በአግድም ከተደረደሩ ከረጢቶች ሠራሁት፤ አንዱ ሲነፋ ጎረቤቱ ይጎድላል፣ ሥጋው በየተራ እፎይ ይላል። በራስጌ ያሉት አምስቱ ብቻ አይንቀሳቀሱም፣ ሁልጊዜ እንደተነፉ ናቸው። ጭንቅላት ከፍ ዝቅ ሲል ሰው ይታመማላ።

ለዚህ ነው የጀልባው ነገር ያስጨነቀኝ። ከእማማ ቶኩ ጭንቅላት ሥር ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። ያቅለሸልሻቸዋል? ይበላሉ?

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቻለሁ። ሆስፒታል ሄጄ ለመለካት ስጀምር አንድ ሽማግሌ ገልብጠው አሳዩኝ። ወገቡ ላይ ያለው ጉድጓድ ጡጫዬን ያስገባል፣ ከሥሩ አጥንቱ ይታያል። እሱ ግን ስለ ቤዝቦል እያወራ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ በጀርባዬ መተኛት አልችልም። አለቃዬ አቶ ሃታዳ ሃያ ፍራሽ ለአንድ የአረጋውያን ቤት ሊልክ ቸኩሏል። "የእህትህን አማት ከተስማማቸው ሁሉንም ይስማማል" ይላል። እኛ የሞከርነው ምሳ በልተን ለግማሽ ሰዓት ጋደም በማለት ነው። ቀንና ሌሊት የሚተኙበት እማማ ቶኩ ብቻ ናቸው፣ እኔም የምሰማው ካንቺ ብቻ ነው።

ተረከዛቸውን አይተሽ ጻፊልኝ። ሁለቱንም።

ሬይጂ

———

ኩሮሳዋ
ዲሴምበር 28 ቀን

ወንድሜ፣

ዓመቱ ሊያልቅ ነው፤ የሩዝ ቂጣው ተወቅጦ አልቋል፣ ቤቱም ተጠርጓል። እንኳን አደረሰህ ለማለት ቀድሜ ልጻፍ ብዬ ነው። ለመዘግየቴ ይቅርታ።

ደህና ናቸው። ተረከዛቸውም ደህና ነው፤ የሕፃን ተረከዝ ነው የሚመስለው። ብርድ እንዳይገባቸው ወፍራም የሱፍ ካልሲ ሠርቼላቸዋለሁ፣ ቀይ ነው፣ ወደውታል። ምግብ ትንሽ ቀንሰዋል፤ የሩዝ ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ወስደው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የክረምት ነገር ነው። ዶክተር ኦኑኪ ባለፈው በረዶውን እየቆፈሩ መጥተው ደረታቸውን አዳመጡላቸው፣ ጥሩ ነው አሉ። እግራቸውን አላዩም። ምን አለውና ያዩታል?

ዮሺኖ በየሁለት ቀኑ ዓሣ ይዛ ብቅ ትላለች። በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ ታደርግና "ምንድን ነው የሚሸተው?" ትላለች። ጓዳ ያለው፣ ራዲሽ በጨው የምናቦካበት በርሜል ነው እላታለሁ። በርሜሉም በእርግጥ ይሸታል።

የታችኛው ሰፈር አሮጊት አምና ማረፋቸውን ጽፌልህ ነበር? ገላቸውን ሊያጥቡ የገቡት ሴቶች ገልብጠዋቸው ጀርባቸው ላይ ቁስል አገኙ። አንዳቸውም ምንም አልተናገሩም። በማግስቱ ግን መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ምራቲቱ እስከ ዛሬ ውሃ ልትቀዳ ጉድጓድ ስትመጣ ሌሎቹ ቀድተው ይሄዳሉ። ክፉ ሴት አልነበረችም እኮ። ለምን ይህን እንደምጽፍልህ አላውቅም።

ፍራሽህ ጥሩ ነው፤ ለአለቃህ እንዲህ በለው። ደግሞ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አትጠይቀኝ።

ፉሚዬ

———

ኮቤ
ጃንዋሪ 9 ቀን 1979

እትዬ፣

ልጅ ሆነን አንቺ ስትዋሺ እኔ ነበርኩ የምገረፈው፤ ስለዚህ ውሸትሽን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ስለ ተረከዝ ጠየቅኩሽ፣ ስለ ካልሲ መለስሽልኝ። ስለ ምግብ ጠየቅኩሽ፣ ስለ ክረምት መለስሽልኝ። ዮሺኖ የምታሸትተው ራዲሽ ነው ብዬ እንድምል ብትጠይቂኝ አልምልም።

አልተቆጣሁሽም። ፈርቼ ነው የምጽፈው። ሃያዎቹ ፍራሾች ታሽገዋል፣ በሚመጣው ሳምንት መጨረሻ ይጫናሉ። አቶ ሃታዳ የአንቺን ደብዳቤ ለሠራተኛው ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበው፤ "የሕፃን ተረከዝ!" እያለ ጀርባዬን መታኝ። እኔም ፈገግ አልኩለት። ፍራሹ አማትሽን የሚያቆስል ከሆነ ሃያ ሰው ሊያቆስል ነው፣ የሠራሁትም እኔ ነኝ።

ያቺ የታችኛው ሰፈር ምራት ታስፈራሻለች፤ ገብቶኛል። ግን እሷን የጎዳት ቁስሉ መገኘቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ብቻዋን መያዟም ነው። አንቺ ብቻሽን አይደለሽም። ቆሰሉ ብትዪኝ ቀድሞ የሚያፍረው እኔ ነኝ።

ካልሲውን አውልቂውና ያየሽውን ጻፊልኝ። ከአልጋው አቀማመጥ ጀምረሽ ሁሉንም፣ ምንም አታስቀሪ።

ሬይጂ

———

ኩሮሳዋ
ጃንዋሪ 17 ቀን

ሬይጂ፣

ግራው ተረከዝ ጥቁር ነው።

ይኸው ጻፍኩት። ሦስት ወረቀት ቀድጄ ነው እዚህ የደረስኩት። የደረቀው ጎናቸው ስለሆነ አይሰማቸውም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ፍራሹ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ቀላ አለ፣ ዘይት ቀባሁት። ከዚያ ውሃ ቋጠረ። ከዚያ ፈነዳና ጠቆረ፣ አሁን ጠርዙ ይረጥባል፣ ይሸታል። ካልሲውን የሠራሁት እንዳላየው ነው። ጠዋት ጠዋት ሳወልቀው ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጀምረው። ቀኙ ቀልቷል፣ ገና አልፈነዳም።

ዶክተሩን ለምን አላሳየሽም ትለኛለህ። ከተማ ወስደው እግራቸውን የሚቆርጡት መስሎኝ ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመት የቆሙበትን እግር እኔ እጅ ላይ አጡት ማለት ነው። ወይም መርዙ ወደ ደማቸው ይገባና ይሞታሉ፣ ሴቶቹ ሊያጥቧቸው ይመጣሉ፣ ካልሲውን ያወልቃሉ። ማሱዎ ከዋሻ ወጥቶ የሚሰማው ይህን ነው። ፈርቻለሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ዮሺኖ በሩን ስታንኳኳ ሮጬ እግራቸውን እሸፍናለሁ።

ያጠፋሁትን አላውቅም። እንዳዘዝከኝ አንሶላውን አላጠበቅኩም፣ ፓምፑን አላጠፋሁም፣ ገላቸውን በየቀኑ አብሳለሁ። የአልጋውን አቀማመጥ ጠይቀኸኛል፤ እሱንም ቢሆን ተጨንቄበታለሁ። ቱቦው የሚወጣው በግርጌ በኩል ነው፣ ሶኬቱ ደግሞ በደቡብ። እንደ መጣው ባስተኛቸው ራሳቸው ወደ ሰሜን ሊሆን ነው፣ ለሬሳ ብቻ እንደሚደረገው። ስለዚህ ፍራሹን እንዳለ ትቼ እሳቸውን አዙሬ አስተኛኋቸው፤ ራሳቸው ወደ ደቡብ፣ እግራቸው ወደ ሰሜን። ጨርቁ ላይ "ራስጌ" ብለህ የጻፍከውን አይቼዋለሁ፤ አየር ያው አየር ነው ብዬ አንሶላ አለበስኩት። ይህን ያህል ተጠንቅቄላቸው ነው እንግዲህ የቆሰሉት።

አሁን ምን ላድርግ? ቶሎ መልስልኝ፤ ተቆጥተህም ቢሆን።

ፉሚዬ

———

ኮቤ
ጃንዋሪ 21 ቀን፣ በፈጣን ፖስታ

እትዬ፣

አዙሪያቸው። ይህን ወረቀት አስቀምጪና አሁኑኑ አዙሪያቸው፣ የቀረውን በኋላ ታነቢዋለሽ።

አዞርሽ? እንግዲያው ስሚኝ። ደብዳቤሽን አንብቤ በቀጥታ ፋብሪካ ወረድኩና ራሴን ግርጌ በኩል አድርጌ ተኛሁ። ብዙም ሳይቆይ ማቅለሽለሽ ጀመረኝ፣ ተነስቼ መጸዳጃ ቤት ሮጥኩ። እማማ ቶኩ አልቀለዱም፤ ጭንቅላታቸው ቀንና ሌሊት ከፍ ዝቅ በሚሉት ከረጢቶች ላይ ነው ያለው፣ ለዚህ ነው የማይበሉት። ተረከዛቸው ደግሞ ለጭንቅላት በሠራኋቸው በማይጎድሉት አምስት ከረጢቶች ላይ ነው። እፎይ የሚሉበት ጊዜ የለም። ካልበሉ ደግሞ ቁስሉ በምን ይድናል?

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ የኔ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሰሜን የለም፤ አልጋው የሚቀመጠው ቦታ በተገኘበት ነው። አባታችን ሲያርፍ ፍራሹን ወደ ሰሜን ያዞርነው ግን እኔና አንቺ ነን፤ አንቺ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ይዘን። ያንን የያዘ እጅ ቱቦውን በአንድ በኩል ብቻ አወጣው። በዚህ አገር አንድም ሰው እናቱን ወደ ሰሜን እንደማያስተኛ እያወቅኩ።

ረጅም ቱቦ እየሠራሁ ነው፤ ግን መንገዱ በበረዶ እየተዘጋ መቼ እንደሚደርስ አላውቅም። እስከዚያ አትጠብቂ። ራሳቸው ወደ ሰሜን ይሁን። ከባታቸው ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጊ፣ ተረከዛቸው ምንም እንዳይነካ። ዶክተሩን ዛሬ አስጠሪ። ቴሌግራም ልልክልሽ ፖስታ ቤት ተሰልፌ ነበር፤ በዮሺኖ ሱቅ ስልክ እንደሚያልፍ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። አሁን ግን ብልከው ይሻል ነበር እላለሁ።

ሃያዎቹን ከመኪና አስወረድኳቸው። አቶ ሃታዳ "አንዲት የገጠር አሮጊት ወዴት ዞራ እንደተኛች እኔን ምን አገባኝ?" ብሎ ጮኸ። "ሃያዎቹ አረጋውያንም ወደ ሰሜን አይተኙም፤ የእርስዎ እናት ይተኛሉ?" አልኩት። እናቱ በሕይወት አሉ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

እንደምትፈሪ አውቃለሁ። እየፈራሽ አዙሪያቸው።

ሬይጂ

———

ኩሮሳዋ
ፌብሩዋሪ 5 ቀን

ወንድሜ ሬይጂ፣

ያስጨነቅኩህን ሁሉ ይቅር በለኝ። እጄ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ዛሬ ገና ነው።

ያን ቀን "አሁኑኑ አዙሪያቸው" ያልከውን አንብቤ አልተነሳሁም። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበብኩት፣ ከዚያም አልተነሳሁም። ሕያው ሰው ወደ ሰሜን ማስተኛት እጄ እምቢ አለኝ። መጨረሻ ላይ ለራሳቸው ነገርኳቸው።

"እማማ፣ ራስዎን ወደ ሰሜን ላዞረው ነው።"

"ማን ሞተና?"

"ማንም አልሞተም። እግርዎ እንዲድን ነው።"

"እግሬ ምን ሆነ?"

መዋሸት አልቻልኩም። የእጅ መስታወቴን አምጥቼ ካልሲውን አውልቄ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ መሬቱን ነበር የማየው።

"ይኼ የኔ ነው?" አሉ።

"አዎ።"

"እኔ እኮ የሚሸተው ራዲሹ ተበላሽቶብሽ ነው ብዬ፣ እንዳታፍሪ ዝም አልኩሽ።" ከዚያ ቃሉ አልወጣላቸው እያለ፣ "አዙሪኝ" አሉ።

"አይፈሩም?"

"እፈራለሁ እንጂ! ፈራሁ አልፈራሁ አላልኩሽም። አዙሪኝ!"

አዞርኳቸው። ከባታቸው ሥር ብርድ ልብስ አደረግኩ። የጎረቤት ልጅ ዶክተሩን እንዲጠራ ላክሁት፣ ግን በረዶው መንገዱን ስለዘጋው የዚያን ቀን አልመጡም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ትንፋሻቸውን ሳዳምጥ አደርኩ፤ ፓምፑ በተነፈሰ ቁጥር የእሳቸው የመጨረሻ እየመሰለኝ ብድግ እል ነበር። ጠዋት ላይ ግን ሾርባ ጠየቁኝ። ሳህኑን ጨርሰው መልሰው ተኙ።

ሳህኑን ላጥብ ጓዳ እንደገባሁ ዮሺኖ ዓሣዋን ይዛ ገባች። በሩን ስትከፍት እናቷ ራሳቸውን ወደ ሰሜን አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጋድመዋል። ያን ጩኸት ኮቤ ሆነህ አልሰማኸውም? "እናቴን! እናቴን! ሳትነግሩኝ!" እያለች ወለሉ ላይ ተዘረጋች። እኔ እውነትም የሞቱ መስሎኝ ሳህኑን ለቀቅኩት፣ እግሬ ከጓዳው አልወጣ አለኝ። ሳልደርስ የጎረቤት ሴቶች ደረሱ፤ ሁለቱማ ሽርጣቸውን አስረው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ነበር የመጡት። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።

እናታችን ዓይናቸውን ገለጡ። "ምንድን ነው ይህ ሁሉ ጩኸት? ማን ሞተ?"

አንደኛዋ ሴት በሩ ላይ ያለው በረዶ ውስጥ ቁጭ አለች። ዮሺኖ እንባዋ ሳይደርቅ ወደኔ ዞራ፣ "እናቴን በቁሟ እንደ ሬሳ አስተኛሻት!" አለችኝ፣ ልትመታኝ እጇን አነሳች። እኔም አልሸሸሁም፤ የፈራሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥቶ ነበርና ወዴት እሸሻለሁ?

"ዮሺኖ፣ እጅሽን አውርጂ" አሉ እናታችን። "እናንተም ግቡ፤ ብርድ ታስገባላችሁ። ልታጥቡኝ አይደል የመጣችሁ? ፉሚዬ፣ ካልሲውን አውልቂላቸው።"

"እማማ፣ ይተዉ" አልኳቸው።

"አውልቂው አልኩሽ።"

አወለቅኩት። ሴቶቹ አዩት። ዮሺኖ አፍንጫዋን ያዘች፣ ወዲያው ደግሞ አፍራ ለቀቀችው። እናታችን በዚያ ከባድ ምላሳቸው፣ እያንዳንዱን ቃል እየጎተቱ እንዲህ አሉ፦ "በደንብ እዩት። ይህ የመጣው ወደ ሰሜን አልተኛም ስላልኩ ነው። ይህች ልጅ ለኔ ብላ ነው ራሴን ወደ ደቡብ ያዞረችው።" እንዲህ ያለ ነገር ብለው አያውቁም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም፣ ማዞሩም የራሴ ሐሳብ ነበር። "ስሞት ይህን ቁስል አየን ብላችሁ ጉድጓድ ዳር ብታወሩ፣ ዛሬ በሕይወት ሳለሁ አይታችሁታልና ወሬው ያረጀ ነው።"

ሴቶቹ ሽርጣቸውን ፈትተው ወጡ። ዮሺኖ ቀረች። "እኔ እኮ እግራቸውን ነክቼ አላውቅም" አለች። ለማን እንዳለችው አላውቅም።

ዶክተር ኦኑኪ የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። አሸተቱ፣ ጫን አደረጉ፣ ፊታቸው ጠቆረ። "ከሥሩ ሕያው ሥጋ ካለ እግሩ ይተርፋል። ከሌለ ከተማ እንወስዳቸዋለን" አሉ። ዮሺኖ ፋኖሱን ያዘች፣ እኔ እግሩን ያዝኩ። እግሩም ፋኖሱም ይወዛወዛሉ፤ ዶክተሩ "ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳ ረጋ በሉ!" ብለው ተቆጡ። ጥቁሩን በመቀስ መቁረጥ ጀመሩ። አንድ ቆረጡ፣ ምንም የለም። ደግመው ቆረጡ፣ ያው ጥቁር ነው። እናታችን ጣሪያውን እያዩ "ምን አገኛችሁ?" ይላሉ። ሦስተኛውን ጥልቅ አድርገው ሲቆርጡ ከሥሩ አንድ ቀይ ጠብታ ብቅ አለ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ተረከዙን ሞልቶ እጄ ላይ ፈሰሰ።

"ደማ! ደማ እኮ!" ብላ ዮሺኖ ጮኸች።

"ይድማ!" አሉ ዶክተሩ፣ እየሳቁ። "ይድማ፣ ተዪው! የሞተ ሥጋ አይደማም።"

እህትህ ፉሚዬ